በሐምሌ እንዳትመጡ

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ስለ ዝምታዬ ምን ልበልህ፤ ተወው፣ ስትመጣ ቁጭ ብለን እንሰዳደባለን። እንግዶች ይዘህ ወደ ጅማ ልትመጣ ማሰብህን ሰምቼ ነው ብዕር ያነሳሁት። በሐምሌ? ምን ነካህ!

በሐምሌ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም፤ ቡናውም ገና አረንጓዴ ነው። ወደ ኅዳር ግፋው። ያኔ እሸት ቡና ተለቅሞ በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ታገኘዋለህ። ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) እስኪሆን ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። በስሱ ካልተሰጣና ቶሎ ቶሎ ካልተገላበጠ ከሥሩ ይሻግታል፤ ባዶ መሬት ላይ የደረቀው ደግሞ ሲጠጣ አፈር አፈር ይላል። እንግዶችህ አንድ እፍኝ አንስተው ጆሯቸው ሥር ያንቀጫቅጩት፤ የደረቀ ከሆነ ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል።

እሮብ ግቡ። ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማለዳ 12 ሰዓት ካልተነሳችሁ የጊቤ በረሃ ላይ ፀሐይ ታገኛችኋለች። ዓሣ ካማራችሁ ከግልገል ጊቤ ግድብ የወጣ ቆሮሶ ስትመጡ ግዙ እንጂ ስትመለሱ አይሁን፤ በረሃውን ሲያቋርጥ ይበላሻል። ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን።

ሐሙስ ጠዋት በቀጥታ ጅሬን ውጡ። እዚያ ያለው የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከመሃል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የእንጨትና የጭቃ ሥራ ስለሆነ ሁሉንም ሰው ባንዴ ፎቅ አታስወጣ፤ በቡድን በቡድን ይሁን። ሙዚየሙ ከተማ ውስጥ ነው፣ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ቤቱን ሳያዩ የንጉሡን ዕቃ ቢያዩ ምን ይገባቸዋል?

ታሪኩን ስትነግራቸው ግን አደራ፣ ግርማውን ብቻ አታውራ። ዳግማዊ አባ ጅፋር (የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው) ብልህ ነበሩ፤ ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት አዳኑ፣ ጅማም እስከ ዘመናቸው መጨረሻ ድረስ የራሷን አስተዳደር ይዛ ቆየች። አልገብርም ያለው ጎረቤቱ ካፋ በ1897 እ.ኤ.አ. በጦር ተያዘ። ይሁንና በጅማው የሂርማታ ገበያ ከማሩና ከቡናው ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። እንዴት ብለህ እንደምትለው... አላውቅም፣ አንተ ከእኔ ይልቅ አንደበትህ ይቀናል። ብቻ አትዝለለው።

የሐሙስ ገበያ የሚደምቀው ወደ እኩለ ቀን ነው። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ የሚገዛ ካለ መጀመሪያ በእጁ ይመዝነው፤ ከመጠኑ በላይ የከበደ እርጥብ እንጨት ነው፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ይሰነጠቃል። የቦዬን ረግረግ ለማታ ተዉት፤ ወፍ ሞልቷል፣ ጉማሬም አለ፣ ስለዚህ ለፎቶ ብሎ ውኃው ዳር የሚጠጋ ሰው እንዳይኖር። አንተን ጭምር ነው።

ስንት እንደሆናችሁና ደረጃ መውጣት የሚከብደው ሰው እንዳለ ቶሎ ጻፍልኝ። ሌላም የምጠይቅህ ነገር ነበረኝ... ይቆይ፣ በአካል ይሻላል።

ወዳጅህ፣ ከጅማ