ለወዳጄ፦ ስላልሳቅሁበት ቪዲዮ

ውድ ወዳጄ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ሰነበትክ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ቤተሰብህስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ከተጠፋፋን ረጅም ጊዜ ሆነን። በመካከላችን ቂም ገብቶ እንዳይመስልህ፤ አንዱ ጉዳይ ሌላውን እየጎተተ ወራቱ ዓመት ሆነ። ሳልመልስልህ የቀረ አንድ ጥያቄ እንዳለ ግን አልረሳሁም። መጨረሻ የላክህልኝ መልእክት ስደትን በመቃወም የሚታወቀው የብሪታንያ ፖለቲከኛ ናይጀል ፋራጅ፣ ሚልክሼክ የተባለው የወተት መጠጥ ፊቱ ላይ ሲደፋበት የሚያሳየው ቪዲዮ ነበር። ከሥሩም «ይህንን አይቶ የማይስቅ አለ?» ብለህ ጽፈህልኛል። እኔ አልሳቅሁም። በሁለት መስመር ብመልስልህ የምታዝንብኝ ወይም የምትታዘበኝ መሰለኝና አቆየሁት። ዛሬ በወጉ ልመልስልህ።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 2024 ነው፤ ፋራጅ በእንግሊዝ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ክላክተን ለፓርላማ እንደሚወዳደር ባስታወቀ ማግሥት። ከአንድ መጠጥ ቤት እየወጣ ነው። ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቧል፣ ካሜራ ሞልቷል፣ ጠባቂዎቹም ከጎኑ ናቸው። አንዲት ወጣት ከቅርብ ርቀት በእጇ የያዘችውን ትልቅ የወረቀት ኩባያ ትሰነዝራለች፤ ቢጫው ፈሳሽ ፊቱንና ልብሱን ያለብሰዋል። ሰው ሁሉ የሚያየው ቢጫውን ነው። እኔ ዓይኔ የሚተከለው ከዚያ ቀድማ ባለችው ቅጽበት ላይ ነው፤ ፈሳሹ ከኩባያው ወጥቶ ገና ምንነቱ ባልታወቀባት ቅጽበት። ፋራጅ አያውቅም፣ ጠባቂዎቹም አያውቁም። ሚልክሼክ መሆኑ የሚታወቀው ፊት ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ይህ የሆነበት አገር ደግሞ በ2017 በለንደን ጎዳናዎች የአሲድ ጥቃት በርክቶ ሰዎች ዓይናቸውንና ፊታቸውን ያጡበት አገር ነው። እኛ ቪዲዮውን የምናየው መጨረሻውን አውቀን ነው፤ የሳቃችን ቅለትም ከዚሁ የመጣ ነው።

«የባትሪ አሲድ ቢሆንስ» የሚለው ሐሳብ ከእኔ የመነጨ እንዳይመስልህ። በ2019 ጆ ብራንድ የተባለችው ኮሜዲያን በቢቢሲ ሬዲዮ ቀርባ፣ ሚልክሼክ ከመወርወር የባትሪ አሲድ አይሻልም ወይ የሚል ቀልድ ተናግራ አገር ተንጫጫ። ኋላ እሷም አነጋገሯ የተሳሳተ እንደነበር ተናገረች፤ ኦፍኮም የተባለው የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ደግሞ ቀልዱ ሊያስከፋ ቢችልም ወንጀል የሚያነሳሳ አይደለም ብሎ ነገሩን ዘጋው። እኔም ቀልድ በመናገሯ ሰው ይከሰስ አልልም። ነገር ግን ቀልዱ ያስደነገጠው ሁሉም ሰው በልቡ የሚያውቀውን ስለነካ ይመስለኛል፤ ከኩባያው ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ወርዋሪው ብቻ ነው።

በፖለቲከኞች ላይ ሚልክሼክ መድፋት የተስፋፋው በ2019 የጸደይ ወራት፣ ለአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ሲቀሰቀስ ነበር። መጀመሪያ ቀኝ አክራሪው ቶሚ ሮቢንሰን ተደፋበት፤ ከዚያ ዩኪፕ የተባለው ፓርቲ ዕጩ የነበረው ካርል ቤንጃሚን በየሄደበት ይቀምሰው ጀመር። ሜይ 20 ቀን ደግሞ በኒውካስል ከተማ የፋራጅ ተራ ሆነ። ያን ዕለት የተደፋበት የሙዝና የካራሜል ሚልክሼክ ዋጋው 5 ፓውንድ ከ25 ሳንቲም እንደነበር እንኳ ጋዜጦች ጽፈዋል። ፋራጅ ከኮቱ ላይ እየተንጠባጠበበት ጠባቂዎቹን ሲቆጣ ይሰማል። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በኤድንብራ ፋራጅ ንግግር በሚያደርግበት አዳራሽ አጠገብ ያለ ማክዶናልድ፣ በፖሊስ ጥያቄ መሠረት ዛሬ ማታ ሚልክሼክም አይስክሬምም አንሸጥም የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ተፎካካሪው በርገር ኪንግ ወዲያው ለስኮትላንድ ሕዝብ፣ እኛ ግን ቅዳሜና እሑድን እንሸጣለን፣ ተዝናኑ የሚል መልእክት በትዊተር አወጣ። ብዙ ሰው አጨበጨበለት። የማስታወቂያ ተቆጣጣሪው አካል ግን ጉዳዩን መርምሮ ማስታወቂያው ያለፈውን ድርጊት የሚደግፍና ሌላውን የሚያበረታታ ነው በማለት አገደው። እስቲ አስበው፤ በሰው ፊት ላይ ነገር መድፋት ሃምበርገር ቤት ገበያ የሚያሟሙቅበት ጉዳይ ሆነ። ያኔ ነው ነገሩ ያስፈራኝ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከዚያ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ፣ በማርች ወር መጀመሪያ፣ የሌበር ፓርቲ መሪ የነበረው ጄረሚ ኮርቢን በሰሜን ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ አንድ የሙስሊሞች ማዕከል ሲጎበኝ፣ ብሬግዚትን፣ ማለትም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቷን፣ የሚደግፍ ሰው እንቁላል በጨበጠ እጁ ራሱን መታው። ሰውየው 28 ቀን ታሰረ። ዳኛዋም ጥቃቱ በዴሞክራሲያዊው ሂደት ላይ የተቃጣ እንደሆነ ተናገሩ። ያን ጊዜ የተቆጡት ሰዎች፣ ትክክለኛ ቁጣ ነበር፣ በሜይ ወር በኒውካስሉ ቪዲዮ ሲስቁ አየኋቸው። በኮርቢን የተሳለቁት ደግሞ ለፋራጅ ጊዜ ሕግ ይከበር ብለው ጮኹ። በቡጢ የተጨበጠ እንቁላልና ከርቀት የተደፋ ሚልክሼክ እኩል ነው እያልኩህ አይደለም፤ ቡጢው ይከፋል፣ ቅጣቱም ከፍቷል። እኔን ያስጨነቀኝ የሰዉ ፍርድ የድርጊቱን ክብደት ሳይሆን የተመቺውን ማንነት መከተሉ ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የማንወደው ሰው ሲሆን ቀልድ ነው፤ የምንወደው ሲሆን ጥቃት ነው።

የአንተን መልስ አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ተከራክረናልና። ወርዋሪው አቅም የሌለው ሰው ነው፣ ተመቺው ማይክሮፎንና ሚሊዮን አድማጭ ያለው ነው፣ የሚናገረው ንግግር በስደተኛው ኑሮ ላይ ከሚልክሼክ የከፋ ጉዳት ያደርሳል ትለኛለህ። የመጨረሻውን የኒውካስሉ ወርዋሪም ብሎት ነበር። የክርክሩን ሁለተኛ ክፍል አልክድህም። በንግግር የተነሳ ሰው ሲጎዳ አይተናል፤ በመጤ ላይ የሚነዛ ጥላቻ ሱቅ ያቃጥላል፣ ሰው ያስደበድባል። የመጀመሪያውን ክፍል ነው የማልቀበለው። ኩባያ የሚወረውር ሰው በዚያች ደቂቃ አቅም የሌለው አይደለም። ያልጠረጠረ ሰው ፊት ላይ የፈለገውን የሚያደርግ ባለሥልጣን ነው፤ መልስም አይጠብቅም።

በጣም የሚከብደኝ ጉዳይ የአውስትራሊያው ነው፤ እሱንም አልሸሸውም። በ2019 በክራይስትቸርች መስጊዶች 51 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ፍሬዘር አኒንግ የሚባለው ሴናተር ጥፋቱን በሙስሊሞች ስደት ላይ አላከከ። በማግሥቱ በሜልበርን አንድ የ17 ዓመት ልጅ ከኋላው ቆሞ፣ በአንድ እጁ በስልኩ እየቀረጸ፣ በሌላው እንቁላል አናቱ ላይ ሰበረበት። ሴናተሩ ዞሮ ልጁን በጥፊ መታው። ልጁ በማስጠንቀቂያ ተለቀቀ፤ ለጠበቃው ተብሎ ከተዋጣለት ገንዘብ ወደ 100 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር የሚጠጋውን ለተጎጂዎች ሰጠ። ይህን ሳነብ ለልጁ ልቤ ራርቷል፤ እውነቱን ብነግርህ በጥፊው ከእንቁላሉ ይልቅ ተናድጃለሁ። ቢሆንም የአኒንግን ንግግር በማዕረጉ ልክ የመለሰው እንቁላሉ አልነበረም። ከሚሊዮን በላይ ሰው ከምክር ቤቱ ይውጣ ብሎ ፈረመ፤ ሴኔቱ ራሱ ንግግሩን በይፋ አወገዘ። ስለ አኒንግ ስታስብ ግን ቀድሞ የሚመጣብህ እንቁላሉ ነው አይደል?

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ ድርጊቱ ከትልልቆቹ ላይ አልቆመም። በዚያው ሜይ ወር በድምፅ መስጫው ዕለት በአልደርሾት ከተማ አንድ የ81 ዓመት አዛውንት፣ የቀድሞ ወታደር፣ የፋራጅን የብሬግዚት ፓርቲ ምልክት ደረታቸው ላይ አድርገው ከምርጫ ጣቢያ ደጃፍ ቆመው ሳሉ ሚልክሼክ ተደፋባቸው። ዕጩ አልነበሩም፤ ላመኑበት ፓርቲ በነጻ የሚያገለግሉ ሽማግሌ ነበሩ። የፓርቲያቸው አቋም ለእኔም አይጥመኝም። ሆኖም እነዚያ አዛውንት ልብሳቸው ረጥቦ የተነሱትን ፎቶግራፍ ተመልክተህ ሳቅህ ይመጣ እንደሆነ ንገረኝ።

የሚያንገበግበኝን ዋናውን ነገር እስካሁን አልነገርኩህም። በብሪታንያ አንድ የሚያስቀና ልማድ አለ። የፓርላማ አባል በየጊዜው በወከለው አካባቢ በቤተ መጻሕፍት፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም በአንድ ትንሽ ቢሮ ይቀመጣል፤ ማንም መራጭ ሄዶ ችግሩን ይነግረዋል። ቤቱ የሚያፈስበት፣ የድጎማ ክፍያው የቆመበት፣ የልጁ የመኖሪያ ፈቃድ የዘገየበት፣ ሁሉም ይመጣል። ሚኒስትሩም ቢሆን ይቀመጣል። የፓርላማ አባሏ ጆ ኮክስ በጁን 2016 በበርስታል የተገደሉት ወደዚህ ስብሰባ ሲሄዱ ነው። ዴቪድ አሜስም በኦክቶበር 2021 በሊ ኦን ሲ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህንኑ የመራጮች ቀጠሮ ሲያስተናግዱ በስለት ተወግተው ሞቱ። የጆ ኮክስ ባለቤት በሚልክሼኩ ወቅት ፖለቲከኛ ላይ ነገር መወርወር ጥቃትን የተለመደ ያደርጋልና ሳናወላውል እንቃወመው ብሎ ነበር። ከማንም በላይ ጥላቻ የሚነዙትን የመጥላት ምክንያት ያለው ሰው ይህን ሲል ለሌሎቻችን መሳቁ እንዴት ተቻለን?

ከኩባያው ወደ ስለቱ ቀጥታ መንገድ አለ አልልህም፤ የለም። የምልህ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ውርወራ ጠባቂ ይጨምራል፣ አጥር ያቆማል፣ ቀጠሮውን ወደ ስልክ ያዞራል፣ በሩ ላይ ፍተሻ ያስቀምጣል። ፋራጅ ይህ አይጎዳውም፤ ጠባቂ የሚቀጥርበት ገንዘብ አለው። የሚጎዳው ጥያቄዋን ጽፋ መላክ የማትችለው፣ ፊት ለፊት ካልተነጋገረች ነገሯን ማስረዳት የማይሆንላት ሴት ናት። የሚጎዳው ዕጩውን መንገድ ላይ አስቁሞ «ይህን ለምን አልክ?» ብሎ ሊያፋጥጠው የሚፈልገው ሰው ነው። በዓለም ላይ ስንት ሕዝብ አለ ባለሥልጣኑን በክንድ ርቀት አይቶ የማያውቅ! ያ ቅርበት ውድ ነገር ነው፤ በ5 ፓውንድ መጠጥ መሸርሸሩ ያናድደኛል።

ደግሞም ፋራጅ በዚህ ከስሮ አያውቅም። የክላክተኑ ዕለት ፋራጅ ልብሱን ቀይሮ ጄይዊክ ወደተባለችው መንደር ሄደ፤ ከአውቶቡሱ የወረደው ሚልክሼክ የተደረደረበት ትሪ ይዞ እየሳቀ ነው። በአንድ ወር ውስጥ፣ ከዚያ በፊት ሰባት ጊዜ ተወዳድሮ ያላገኘውን የብሪታንያ ፓርላማ ወንበር አገኘ። በ2019ም ከኒውካስሉ ነገር ጥቂት ቀናት በኋላ ፓርቲው በአውሮፓ ፓርላማው ምርጫ በብሪታንያ አንደኛ ወጥቷል። ሚልክሼኩ አስመረጠው ማለቴ አይደለም። አላስቆመውም፤ ለካሜራ ግን ጥሩ ትሪ ሰጠው።

ስለ ፍርዱ ከጠየቅኸኝ፣ የብሪታንያ ፍርድ ቤቶች ልኩን ያገኙ ይመስለኛል። የኒውካስሉ ሰው 150 ሰዓት ያለ ክፍያ እንዲሠራና 350 ፓውንድ ካሣ እንዲከፍል ተወሰነበት፤ ሥራውንም አጥቷል። የክላክተኗ ወጣት 13 ሳምንት እስራት በገደብ፣ 120 ሰዓት ሥራና 150 ፓውንድ ካሣ ተፈረደባት። በአሜሪካ ግን በጁን 2019 በፔንሳኮላ ያኔ የኮንግረስ አባል በነበረው በማት ጌትዝ ላይ መጠጥ የወረወረች ሴት 15 ቀን ታስራለች፤ ይህ በዛ እላለሁ። ሕጉ ድርጊቱን ጥቃት ብሎ ይጥራው፣ ሰውየውን ግን አያጥፋው።

ተቃውሞን የምጠላ እንዳይመስልህ፤ ታውቀኛለህ። ፋራጅ ባለበት አደባባይ ሺህ ሰው ጀርባውን ቢያዞርለት ደስ ይለኛል። ይጮኹበት፣ ሰሌዳ ያንሱበት፣ የተናገረውን ቃል በቃል እያነበቡ መልስ ያሳጡት። እሱ ኮቱን ለመጥረግ ሩጦ ከሚያመልጥ ቆሞ ላብ እስኪያጠምቀው ቢጠየቅ እመርጣለሁ።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። አንተ ደግሞ በቅርቡ ጻፍልኝ። ስለ ኑሮህ፣ ስለ ልጆቹ አንድ ሳታስቀር ንገረኝ፤ የኮርቢንንም ጉዳይ አንብበህ በዚያ ላይ ያለህን ሐሳብ ጨምርበት። ብትሞግተኝ ደስ ይለኛል፤ ካንተ ጋር መሟገት ናፍቆኛል።

አክባሪ ወዳጅህ