ለ8ኛ ክፍል ወላጆች፦ ስለ ካርቶኑ ጉዳይ

ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን ልጆቹ ካርቶንና ኮላ አምጡ እያሉ ሳያስቸግሯችሁ አልቀሩም። "ሚኒስትሪ እየደረሰ የኮሪያ ከተማ መሥራት ምን የሚሉት ነው?" ብላችሁ የደወላችሁልኝም አላችሁ። እውነታችሁን ነው፣ ላስረዳ።

የሚሠሩት የሱዎንን ሞዴል ነው። ከሴኡል በስተደቡብ ያለች ከተማ ናት። በፈረንጆች 1789 ንጉሥ ጆንግጆ የአባቱን የልዑል ሳዶን አፅም ሊያሳርፍ የመረጠው ቦታ አሮጌዋ ሱዎን የነበረችበት ሆነና ከተማዋ ከነሰዉ ተነሥታ ወደ ፓልዳል ተራራ ግርጌ ሄደች። (ሳዶ በገዛ አባቱ ትእዛዝ የሩዝ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት የሞተ ልዑል ነው። ልጆቹ ማታ ማታ ስለ ሣጥን ከጠየቋችሁ ነገሩ ይኸው ነው።)

ለተነሺዎቹ የቤት ካሳ ተከፈለ። ነጋዴ እንዲመጣ ደግሞ መንግሥት ያለ ወለድ ብር አበደረ። ዩ ህዮንግ-ዎን የሚባል ሊቅ ከመቶ ዓመት በፊት ከተማዋ ወደ ሰፊው ሜዳ ብትወጣ ይሻላል ብሎ ጽፎ ነበር፤ ስለዚህ እንደኔ መቃብሩ ሰበብ ሆነ እንጂ ሐሳቡ የቆየ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ግንቡ ነው። ከ1794 እስከ 1796 ተሠራ፣ ዙሪያው 5.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስመሩ ሲቀየስ በሰሜን በር በኩል የሰው ቤት ላይ አረፈ። ቤቶቹ መፍረሳቸው ነው ሲባል ንጉሡ፣ ሦስት ጊዜ መጠምዘዝም ካለበት ይጠምዘዝ፣ ቤቶቹን ወደ ውስጥ አስገቧቸው አለ። ገና ከሌላ ቦታ ተነሥተው የመጡ ሰዎች ናቸዋ! ስለዚህ አደራ፣ የልጃችሁ ግንብ እዚያ ጋ ተጣሞ ብታዩት በማስመሪያ አታቃኑት። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት አቃንተውት ልጅቷ እያለቀሰች መጣች።

ወንዙንም አትርሱ፤ ከሰሜን በሰባት ቅስቶች ሥር ገብቶ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። በምዕራብ በኩል ግንቡ ተራራውን ስለሚወጣ እዚያ ጋ ካርቶኑ ይደራረብ።

የግንባታው መዝገብ የሠራተኞቹን ስምና ደመወዝ፣ የግማሽ ቀኗን ሳይቀር ይዟል። በኮሪያ ጦርነት የፈረሰው ግንብ በፈረንጆች 1970ዎቹ ሲጠገን ያንኑ መዝገብ እያዩ ነው የሠሩት። የእኛ ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት ጦርነት መሆኑ ነው፤ አያቱ የዘመቱ ልጅ ካለ ፎቷቸውን ይዞ ቢመጣ ደስ ይለናል።

ሞዴሉ የሚቀርበው ዓርብ ጠዋት ነው። ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ተሠርቶ የተገዛ አንቀበልም፣ ይታወቅብናል። ካርቶን ያጣ ልጅ ካለ ስቶር ውስጥ የመጻሕፍት ካርቶን ስላለን ይምጣና ይውሰድ።

ከሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ