ለአንድ ክፍል አንድ ምላጭ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ታስሬ ወጥቻለሁ፤ የት እንደሆነ ይቅር። የምጽፈው በእስር ቤት ስላለው የኤችአይቪ ነገር ነው። በክፍላችን አንዲት ምላጭ ነበረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጢም ወደ ጢም ትዞራለች። ስትቆርጥ ውሃ ለቅለቅ ይደረግባትና «ተረኛ!» ይባላል። ንቅሳቱም በአንድ መርፌ ነው። ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነትማ ማን ደፍሮ ያወራል? በወንዶች መካከል ሕጉ ይከለክላል፣ እኛም እናፍራለን፤ ኮንዶም የሚባል ነገር አንድም ቀን ሲነሳ አልሰማሁም።

የኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። እስር ቤት ውስጥ ግን የሚቸግረው ተደብቆ መዋጡ ነው። ጎኔ ይተኛ የነበረው ልጅ ብልቃጡ እንዳይንኳኳ ጥጥ ይጠቀጥቅበት ነበር። አንድ ሌሊት ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ሲያዛውሩት የሕክምና ካርዱም መድኃኒቱም እኛ ጋ ቀሩ።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው የማንዴላ ደንብ የታራሚ ሕክምና ውጭ ካለው ሰው እንዳያንስ፣ የኤችአይቪና የቲቢ ሕክምናም እንዳይቋረጥ ያዛል። እኔ የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው፦ ለእያንዳንዱ ታራሚ የራሱ ምላጭ ይሰጠው፤ ሲዛወርም ካርዱና መድኃኒቱ አብረውት መኪናው ላይ ይውጡ።

የቀድሞ ታራሚ፣ ከአዲስ አበባ