ከአደሌድ ቱላማሪን በአውሮፕላን፣ ከቱላማሪን ፉትስክሬይ በምን? ለቪክቶሪያ የሕዝብ ትራንስፖርት ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የሕዝብ ትራንስፖርት ሚኒስትር
ሜልበርን

ጉዳዩ፦ በፉቲ (የአውስትራሊያ እግር ኳስ) ወቅት እሑድ ማታ ከኤርፖርት ወደ ምዕራብ ሜልበርን የሚሄድ አውቶቡስ እንዲመደብ ስለመጠየቅ

በፉትስክሬይ፣ በሰንሻይንና በፍሌሚንግተን የምንኖር፣ ቡድናችን ከሜዳው ውጪ ሲጫወት ተከትለን የምንሄድ አማርኛ ተናጋሪ የፉቲ ደጋፊዎች ነን። ከሊጉ 18 ክለቦች 10ሩ ቪክቶሪያ ውስጥ ናቸው። የቀሩት ስምንቱ ሁለት ሁለት ሆነው በአደሌድ፣ በፐርዝ፣ በሲድኒና በኩዊንስላንድ ይገኛሉ። ስለዚህ የሜልበርን ደጋፊ በየዓመቱ ክፍለ ግዛት ተሻግሮ መሄዱ አይቀርም። የጉዞው አስቸጋሪ ክፍል ሩቁ መንገድ ይመስላል። ግን አይደለም። የሚያስቸግረው በእርስዎ ኃላፊነት ሥር ያለው፣ ቱላማሪን ካለው የሜልበርን ኤርፖርት ወደ ቤታችን የሚወስደው የመጨረሻው ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በዚህ ደብዳቤ ሰዓት የጻፍነው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናነሳዋለን።

ብዙ ሰው የሚሄድበትን የአደሌድን ጉዞ እንውሰድ። የአደሌድ ኤርፖርት ከ23:00 እስከ 06:00 በፌዴራል ሕግ ለመንገደኛ በረራ ዝግ ነው። የቅዳሜ ማታ ጨዋታ ደግሞ ሲያልቅ 22:00 ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ በዚያው ሌሊት መመለስ አይቻልም፣ አልጋ መያዝ ግዴታ ነው። ሕጉ ይሻር አንልም። በኤርፖርቱ ዙሪያ ለሚኖር ሰው እንቅልፍ መብቱ ነው። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገባና የአልጋ ወጪ የከበደው ደጋፊ የእሑድ ከሰዓት ጨዋታን የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች ያለውን ስሌት የምንዘረዝርልዎም ስለ እሱ ብለን ነው።

ጨዋታው በአደሌድ ሰዓት 15:10 ይጀመር እንበል። ጨዋታው አራት ሩብ አለው፤ አንዱ ሩብ በሰዓቱ 20 ደቂቃ ቢሆንም ኳስ ሲቆም ሰዓቱም ስለሚቆም ወደ 30 ደቂቃ ይጠጋል። በሩቦቹ መካከል ሁለት ጊዜ 6 ደቂቃ፣ በግማሹ ደግሞ 20 ደቂቃ ዕረፍት አለ። ጠቅላላው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚወስድ የመጨረሻው ሳይረን የሚነፋው 17:45 ገደማ ነው። ትልቅ ሻንጣ ወደ ስታዲየም ስለማይገባ ያስቀመጡበት ሄዶ መውሰድ ያስፈልጋል። የወንዙን የእግረኛ ድልድይ ተሻግሮ መሀል ከተማ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ 6 ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ኤርፖርት ለመድረስ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቢያዝ 19:00 ላይ ይደረሳል። የ20:00 በረራ ያለ ጭንቀት ይገኛል ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ያለውን የሚይዝ ሰው ጨዋታው ሳያልቅ ለመውጣት ይገደዳል። በረራው አንድ ሰዓት ከሃያ ነው፤ አደሌድ ከሜልበርን በግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ቱላማሪን የሚታረፈው በሜልበርን ሰዓት 21:50 ነው። ይቺን ግማሽ ሰዓት የረሳ ሰው የቤት መግቢያውን ስሌት ሁሉ ያበላሻል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ይገጥማል። ከዚህ በኋላ ግን ኤርፖርቱ ባቡር የለውም። ስካይባስ የተባለው የኤርፖርት አውቶቡስ የሚወስደው መሀል ከተማ ወዳለው ሳውዘርን ክሮስ ባቡር ጣቢያ ነው፤ ክፍያው ማይኪ ከተባለው የሕዝብ ትራንስፖርት ካርድ ውጪ ስለሆነ አራት ሰው ላለው ቤተሰብ ይከብዳል። በማይኪ የሚሠራው 901 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ብሮድሜዶውስ ባቡር ጣቢያ ይወስዳል። በሥራ ቀን በየ15 ደቂቃው የሚመጣው አውቶቡስ ቅዳሜና እሑድ በየ30 ደቂቃው ነው። ከብሮድሜዶውስ የክሬጊበርን መስመር ባቡር ተይዞ፣ ኖርዝ ሜልበርን ወርዶ፣ የዌሪቢ ወይም የዊሊያምስታውን ባቡር ጠብቆ ፉትስክሬይ ይደረሳል። የፍሌሚንግተን ሰው ዕድለኛ ነው፤ ያው የክሬጊበርን ባቡር ኒውማርኬት ላይ ያወርደዋል። የፉትስክሬይ መንገደኛ ግን በመኪና ሃያ አምስት ደቂቃ የማይሞላውን መንገድ ሦስት ተሽከርካሪ ቀያይሮ እኩለ ሌሊት ገደማ ቤቱ ይገባል። ያውም ምንም ካልተበላሸ።

የሚበላሸው ደግሞ በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የበረራ መዘግየት ነው። ዓርብና ቅዳሜ ባቡር ሌሊቱን ሙሉ በየሰዓቱ ይሠራል፤ እሑድ ሌሊት ግን እኩለ ሌሊት አካባቢ ይቆማል። አውሮፕላኑ አርባ አምስት ደቂቃ ከዘገየ የመጨረሻው ባቡር ሊያልፍ ይችላል፣ ያኔ የሚቀረው ታክሲ ብቻ ነው። ሁለተኛው የሐዲድ ጥገና ነው። ባቡሩ ተቋርጦ በአውቶቡስ ሲተካ ከብሮድሜዶውስ በኋላ ያለው ጉዞ በጣም ይረዝማል፤ ጥገናው የሚያዘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ነው።

ፐርዝ ይህንን ፈትቶታል። በ2022 የተከፈተው የኤርፖርት መስመር ከኤርፖርት ሴንትራል ጣቢያ መሀል ከተማ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። በተርሚናል 3 ወይም 4 የወረደ መንገደኛ ግን ጣቢያው ሬድክሊፍ ስለሆነ በአውቶቡስ ወደዚያ መሄድ እንዳለበት ካላወቀ ይጉላላል። ስታዲየሙም የራሱ ባቡር ጣቢያ አለው። ከሁሉ በላይ ግን በፐርዝም በአደሌድም የጨዋታው ትኬት ራሱ የከተማው ትራንስፖርት ትኬት ነው። የእኛ ደጋፊ አደሌድ ኦቫል ስታዲየም ሲሄድ በነጻ ይሳፈራል፤ የአደሌድ ደጋፊ ሜልበርን ወዳለው ኤም ሲ ጂ ስታዲየም ሲመጣ ግን የጉዞ ክፍያ ከፍሎ ነው ሪችመንድ ወይም ጆሊሞንት ጣቢያ የሚወርደው። ይህ ቢስተካከል ደስ ይለናል፤ ከሊጉና ከስታዲየሞቹ ጋር መነጋገር የሚጠይቅ ስለሆነ ጊዜ እንደሚወስድ እንረዳለን።

መኪና ይዞ መሄድም አለ። አደሌድ በዌስተርን ሀይዌይ 725 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ስምንት ሰዓት ነው። ከጨዋታ በኋላ በዚያው ሌሊት መመለስን ግን ለማንም አንመክርም፤ እንቅልፍና ካንጋሮ አንድ ላይ የሚመጡት በዚያ ሰዓት ነው። መንግሥትዎ ሲደጉመው የቆየው፣ በሜልበርንና በአደሌድ መካከል የሚሄደው ኦቨርላንድ ባቡር ጥሩ ጉዞ ነው፤ ነገር ግን በየአቅጣጫው በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሚሄድና ከአሥር ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ከጨዋታ ቀን ጋር መግጠሙ የዕድል ጉዳይ ነው። የወቅቱ መጨረሻ ዙሮች ቀንና ሰዓት ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። በፍጻሜ ጨዋታዎች ጊዜ ይብሳል፤ ተጋጣሚና ሜዳ የሚታወቀው ሳምንት ሲቀር ነው። በ2016 የምዕራብ ሜልበርኑ ክለብ ቡልዶግስ ከሲድኒው ክለብ ጂ ደብሊው ኤስ ጋር ሲድኒ ላይ ሲገናኝ በሺህ የሚቆጠር ደጋፊ በሂውም ሀይዌይ የወጣው በዚያች አንድ ሳምንት ተዘጋጅቶ ነው።

አሁን ስለ ሰዓቱ። ትኬት ላይ 3:10 ፒ ኤም የሚለው በእኛ አቆጣጠር 9:10 ነው። እንግሊዝኛ ያልለመዱ ወላጆች በረራና ጨዋታ የሚያመልጣቸው ከቋንቋው ይልቅ በዚህ ነው። የመሥሪያ ቤትዎ የአማርኛ መረጃ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ትልቅ እገዛ ነው። ከዚያው ጋር የኳራንቲን ሕጉም ቢጻፍ መልካም ነው፦ አደሌድ ወዳለችበት ደቡብ አውስትራሊያ ፍራፍሬ ይዞ መግባት ያስቀጣል፤ ፐርዝ ወዳለችበት ምዕራብ አውስትራሊያ ደግሞ ማርም ክልክል ነው። ለዘመድ ማር ይዞ መሄድ ልማዳችን ስለሆነ ይህን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሰንሻይን በኩል የሚመጣው የኤርፖርት ባቡር ሲያልቅ ከላይ የዘረዘርነው አብዛኛው ይቀላል። ግን ከ2033 በፊት እንደማይደርስ ተነግሯል፤ እስከዚያ ብዙ የፉቲ ወቅት ያልፋል። ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ ከመጋቢት እስከ መስከረም፣ እሑድ ማታ ከ21:30 እስከ 01:00፣ በየግማሽ ሰዓቱ ከኤርፖርት ተነስቶ ሰንሻይንና ፉትስክሬይ ጣቢያ የሚያደርስ፣ በማይኪ የሚከፈልበት አውቶቡስ። አንድ ዙር በአንድ ሰዓት ከተጠናቀቀ ሁለት አውቶቡስ ይበቃዋል። በአንድ ወቅት ሙከራ ተጀምሮ የተሳፋሪው ቁጥር ይታይ። የሐዲድ ጥገና ሲታቀድም የክሬጊበርን መስመር እሑድ ማታ ከ21:00 በኋላ እንዲከፈት ይታሰብ። ከመጨረሻዎቹ ዙሮች ቀንና ሰዓት በቀር የወቅቱ መርሐ ግብር ለሕዝብ የሚወጣው ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ባለሙያዎች የትኛው እሑድ ከየትኛው ከተማ ደጋፊ እንደሚመለስ አስቀድሞ ማየት አይቸግራቸውም።

መልስዎን በአክብሮት እንጠብቃለን።

በምዕራብ ሜልበርን የምንኖር አማርኛ ተናጋሪ የፉቲ ደጋፊዎች