ኡሹዋያ ለምትደርሱ አባላት

ሰላም ጓደኞች፣

ከአንታርክቲካ ተመልሰን ትናንት ጠዋት አርጀንቲና፣ ኡሹዋያ ላይ ከመርከብ ወረድን። በደቡብ አሜሪካና በአንታርክቲካ መካከል ያለው የድሬክ መተላለፊያ ባሕር ማዕበል ገና አልለቀቀንም፤ መሬቱ ራሱ የሚወዛወዝ ይመስል ነበር።

እናንተም ስትደርሱ መጀመሪያ ወደ አሮጌው እስር ቤት ሂዱ። እስረኞቹ ራሳቸው ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገነቡት ነው። በ1947 ተዘግቶ አሁን ሙዚየም ሆኗል። አንዱ ክንፍ ሳይታደስ እንዳለ ተትቷል። ማሞቂያ የለውም፤ የግድግዳው ቀለም ተላልጧል፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። እዚያ ቆሜ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሳን ማርቲን ጎዳና ለማስታወሻ ዕቃ ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ አትቆዩበት። ይልቅ የቢግልን የባሕር ሰርጥ ዳርቻ ይዛችሁ በእግር ሂዱ። ነፋሱ ድንገት ይነሳልና ጃኬታችሁን ሻንጣ ውስጥ እንዳትተዉት።