ፍርሃቱ የእረኛው ነው፣ ምርጫው ግን የኔ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ደብረ ብርሃን የምኖር መምህር ነኝ። ቅዳሜ ማታ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ጋቢያችንን ደርበን የሚና ጨዋታ እንጫወታለን። አንዳችን ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቻችን በታሪኩ ውስጥ አንዳንድ ሰው እንሆናለን። ዕድላችንን የሚወስን ሃያ ጎን ያለው ዳይስ ስላላገኘን ከ1 እስከ 20 የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ከኩባያ እናወጣለን።

በቀደም ግን ተጣላን። የኔ ሰው የመንዝ እረኛ ነው፤ ጅብ ይፈራል። አንኮበር ቁልቁለት ላይ ጅብ መጣ። መሪያችን ወረቀት አወጣና «ሸሽተሃል» አለኝ። የቆሰለ ጓደኛዬን ጥዬ! እኔ መቼ መረጥኩ?

እርግጥ እንዲህ ያለ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ፔንድራጎን የተባለ የባላባቶች የሚና ጨዋታ ጀግንነትንና ፍርሃትን ድምራቸው 20 በሆኑ ቁጥሮች ይለካል። አንዳንዴ ባላባቱ የሚያደርገውን ዳይሱ ይወስንለታል። ሰው ሁሌ ራሱን አይገዛምና ሐሳቡ ይገባኛል። ግን አስቀድመን መስማማት ነበረብን።

እኔ ፌት የተባለውን የሌላ የሚና ጨዋታ መንገድ እመርጣለሁ። እዚያ መሪው «ፍርሃትህ ያሸንፍህና አንድ ነጥብ ውሰድ» ይልሃል። እምቢ ካልክ ከራስህ አንድ ነጥብ ትከፍላለህ። ባህሪው ክብደት አለው፣ ውሳኔው ግን ካንተ እጅ አይወጣም።

ለነጥብ ሽምብራ ይዘን ያንኑ ሌሊት ደግመን ተጫወትነው። አንዲት ሽምብራ ብቻ ቀርታኝ ነበር። እሷን ከፍዬ ከጓደኛዬ አጠገብ ቆምኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እባካችሁ፣ ከስፖርቱ ገጽ ጥግ ላይ ለእንዲህ ያለ ጨዋታም ቦታ ስጡን።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን