የአውቶ ሜካኒክስ ክበብ፦ ሳይለካ አይገጠምም

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ሞተር ላይ ከረመ። ሞተሩ የፔጆ 404 ነው። ሐረር ውስጥ ታክሲ ሆኖ ሲሠራ የኖረ መኪና ነው፤ ባለቤቱ ሞተሩን ለልጆቹ መማሪያ ይሁን ብለው ሰጡን። 1618 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) አሉሚኒየም። ሰው ጭኖ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ የኖረ ሞተር ምን እንደሚገጥመው የድሬ ሰው ያውቀዋል። ይግላል። አሉሚኒየም ደግሞ ከልክ በላይ ሲግል ይጣመማል። ይሄኛውም ተጣሞ ስለነበር ሬቲፊካ (የሞተር ዕቃ የሚላጭበት ቤት) ወስደን ፊቱን አስላጨነው።

የዓመቱ ዋና ሥራ የመጣው ከዚህ ነው። ቴስታታ ሲላጭ ቫልቮቹ (የሲሊንደሩ ማስገቢያና ማስወጫ በሮች) ሲሊንደሩ ውስጥ ወደሚወጣና ወደሚወርደው ፒስተን ይጠጋሉ። የቀረው ክፍተት ይበቃል ወይ? ብዙ ቦታ "ምንም አይልም" ተብሎ ይገጠማል። ካልበቃ ግን ሞተሩ በተነሳ ቅጽበት ፒስተኑ ቫልቩን ያጥፈዋል። ተማሪዎቼ ይሄን በግምት እንዲያልፉት ፈጽሞ አልፈለግኩም።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በመፍታት፣ በማጠብና የዕቃ ስም በመልመድ አለፈ። መለካት የጀመርነው በሁለተኛው ነው፤ መጀመሪያ ካምሻፍቱን፣ እየዞረ ቫልቮቹን የሚያስከፍተውን ዕቃ። በዚህ ሞተር ካምሻፍቱ ያለው ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ውስጥ ነው፤ ቫልቩን የሚከፍተው በዘንግና በሮከር (ዘንጉ ሲገፋው ቫልቩን በሚጫነው ማንሻ) በኩል ነው። ስለዚህ ካሙ (የካምሻፍቱ እብጠት) የሚያነሳው ልክና ቫልቩ የሚወርደው ልክ አንድ አይደሉም። ካሙ 6 ሚሊ አንስቶ ሮከሩ በ1.5 ቢያበዛው 9 ሚሊ ይመጣል፤ ከዚያ ላይ በሮከሩና በቫልቩ መካከል የሚተወው ክፍተት ይቀነሳል። ይሄ የወረቀት ሂሳብ ነው። እኛ ዳያል ጌጁን (ባለ መርፌውን መለኪያ) ቫልቩ ራሱ ላይ አድርገን ለካን።

እዚህ ላይ ልጆቹ ተከራከሩ። ያው አንድ ቫልቭ፣ ሁለት ቡድን፣ ሁለት ቁጥር። ድሬ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የመጣች ከተማ ናትና እጃቸው የተፈታ የባቡር ወርክሾፕ ጡረተኞች አላጣንም። ሊጎበኙን የመጡ አንድ ጋሼ አንዷ ተማሪ ያቆመችውን ጌጅ አይተው "ልጄ፣ ቫልቩ በሚሄድበት መስመር አቁሚው እንጂ!" አሏት። የ404 ቫልቮች ያዘመሙ ናቸው፤ ጌጁ ቀጥ ብሎ ከቆመ ትክክል ይመስላል እንጂ አይደለም። 20 ዲግሪ ቢያዘም ንባቡ 6 በመቶ ያህል ይጨምራል። ልጅቷ ወዲያው ሰሌዳው ላይ በኮሳይን አሰላችው። "አቦ፣ ኮሳይን ለካ ለዚህ ነው!" አለች። እኔ የዓመቱ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነበር እላለሁ።

ከዚያ ወደ ክፍተቱ ሄድን። ከኬጂ የተዋስነውን የመጫወቻ ክሌይ ፒስተኑ አናት ላይ ለጠፍን፤ ቫልቩ ላይ ተጣብቆ እንዳይነሳ ዘይት ቀባነው። ቴስታታውን ከነአሮጌው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ) አሰርን። አሮጌውን የመረጥነው አንዴ ታስሮ የተጨመቀ ስለሆነ ነው። ክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርን፤ ሁሉም ቫልቭ ከፍቶ የሚዘጋው በ720 ዲግሪ ነውና። ፈትተን ክሌዩን በምላጭ ቆረጥንና የሳሳውን ቦታ በካሊፐር ለካን። አንድ ጥንቃቄ፦ የዚህ ሞተር ላይነሮች (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች) ውኃ የሚነካቸው፣ ከብሎኩ የሚወጡ ናቸው። ቴስታታው በሌለበት ክራንክ ሲዞር እንዳይነሱ በብሎንና በሮንዴላ ያዝናቸው።

በክሌይ ብቻ አላበቃንም። የቫልቭ ሞላዎቹን አውጥተን በምትካቸው ለስላሳ ሞላ አስገባን። በካርቶን የሠራነውን የዲግሪ ሰሌዳ ክራንኩ ላይ አስረን፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ አካባቢ በየሁለት ዲግሪው እያቆምን ቫልቩን በእጅ እስኪነካ ገፋነው። የማስወጫው ቫልቭ በጣም የሚጠጋው ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ 10 ዲግሪ ገደማ ሲቀረው ነው፤ የማስገቢያው ደግሞ ካለፈ ከ10 ዲግሪ ገደማ በኋላ። የተለመደው ደንብ ማስገቢያው ከ2 ሚሊ፣ ማስወጫው ከ2.5 ሚሊ እንዳያንስ ይላል። ማስወጫው የሚበልጠው በጣም ስለሚግልና ስለሚረዝም፣ ፒስተኑም ከኋላው እየተከተለው ስለሚወጣ ነው። የእኛው በሁለቱም መንገድ ከደንቡ በላይ ሆነ። ጭብጨባው እስከ ቢሮ ተሰማ!

የድሬ ሙቀትም ጥያቄ አስነሳ። የዓለም የመለኪያ ሙቀት 20 ዲግሪ ነው፤ እዚህ ከሰዓት በኋላ ያ የት ይገኛል? 100 ሚሊ አሉሚኒየም 10 ዲግሪ ሲሞቅ 0.02 ሚሊ ያህል ይረዝማል፤ ብረት ግማሹን። ለቫልቭ ክፍተት ይሄ ከቁጥር አይገባም። ለፒስተንና ለሲሊንደር ልክ ግን ይገባል። ስለዚህ እነሱን ጠዋት ጠዋት ለካን፤ መለኪያውና ዕቃው አብረው ካደሩ በኋላ።

ሞተሩ አሁን ተገጥሞ ወርክሾፑ ውስጥ ቆሟል። የቀረው ካርቡራተር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ነው። የ404 ካርቡራተር ቤቱ ያስቀመጠ ወላጅ ካለ፣ የተበላሸም ቢሆን፣ ለክበቡ ቢልክልን መስከረም ላይ ከእሱ እንጀምራለን።